በአንድ ጆግ ውሃ የሚያልቅ ነገር

የሺዬ፣

ከሄድሽ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር አልጻፍኩልሽም። ረስቼሽ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ከሞተ ሰው ጋር መነጋገር እንደማይገባ በቤተ ክርስቲያናችን የደህንነት ትምህርት ክፍል ለስንት ሰው ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ አንቺም ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠሽ ሰምተሻል። ስለዚህ ይህ ጸሎት አይደለም። ምንም አልለምንሽም፣ አማልጂኝም አልልሽም። የምጽፈው በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ነው፤ ዝናቡንና ከሆሞሻ የሚመጣውን ሰሊጥ በምጽፍበት ደብተር። አንቺ ከጌታ ጋር ነሽ፤ ሊነግርሽ ከወደደ እሱ ይነግርሻል። ጽፌ ስጨርስ ደግሞ ገጾቹን ቀድጄ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች እሰጣለሁ፤ ያንብቡት።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ከኩሽናው በላይ ያፈስ የነበረውን ቆርቆሮ አስቀይሬዋለሁ። መጋዘኑ ውስጥ አይጥ ገብቶ ነበር፤ አሁን ድመት አለች፤ ስም አላወጣንላትም። እናትሽ እማማ ዘውዴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። አዎ፣ እኔና እናትሽ፣ በአንድ ጣራ ሥር። ሰው ሁሉ ይገረማል። ረቡዕ ረቡዕ እንቁላል ስጠብስ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወደ ግቢ ትወጣለች። «ጌታህ ቀን የሚቆጥርለት ሰው የለውም እንዴ?» ትለኛለች። እኔም «የኔ ጌታ ሆድ አይቆጥርም» እላታለሁ። ይህን ክርክር የምትዳኝልን አንቺ ነበርሽ።

ለሙት ዓመትሽ ተዝካር ካላወጣሁ ብላ ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም አልኳት። ብዙ አልተከራከረችኝም። በማግስቱ ግን ዳቦ ጋግራ ወደ አምባው፣ ወደ ሰፈራ መንደራችሁ፣ ሄደችና ለመንደሩ ልጆች አደለች። ስትመለስ «ተዝካር አይደለም፤ ዳቦ ነው» አለችኝ። 

አሁን ወደ ንዴቴ ልመለስ። በመጀመሪያ የተናደድኩት ባንቺ ነው። እንዳትስቂ። በአንድ ጆግ ውሃ የሚያልቅ ነገር ነበር፣ የሺ። አንድ ጆግ! አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔ ሥራዬን የማውቅ ነጋዴ ነኝ፤ ትንሽ ነገር ሰጥቼ ትልቅ ጣጣ የምዘጋበትን ጊዜ አውቃለሁ። ያ ጊዜ ነበር። አንቺ ግን ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ።

ይህን ደብዳቤ አንቺን የማያውቁም ሊያነቡት ስለሚችሉ ከሥሩ ልጀምር።

አንቺን ያገባሁ ጊዜ እናትሽ አንድ ነገር አስምላሻለች። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ በጌታ ቤት ያደግሁ። አንቺ ደግሞ ከወሎ በደርግ ጊዜ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ፣ በሰማንያ ቀንሽ ክርስትና የተነሣሽ። እናትሽ «እምነትሽን ከእኔ አትደብቂ፣ ወደፈለግሽው ሂጂ» አለችሽ። «ግን እኔ በሕይወት እያለሁ ሁለተኛ ውሃ እንዳትገቢ። በረሃቡ ጊዜ በመጠለያው ሁለት ልጆች ቀብሬያለሁ። ለእነሱ የሰጠኋቸው ነገር ቢኖር ጥምቀታቸው ብቻ ነው፤ እህል አልነበረኝም። ያንቺን ውሃ ከንቱ ነው ካልሽ የእነሱንም አብረሽ ደፋሽው ማለት ነው።»

አንቺም እሺ አልሽ። ከዚያ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጌታን ተቀበልሽ፤ ከልብሽ ነበር የተቀበልሽው፤ ይህን ከእኔ የበለጠ የሚመሰክር የለም። ሰሊጥ ስገዛ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቼ አልገዛም፤ እጄን እስከ ክርኔ ድረስ እከታለሁ፤ ከላይ ንጹሕ ሆኖ ከታች አፈር የተቀላቀለበት ብዙ ነው። ያንቺ እምነት እስከ ታች አንድ ዓይነት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወንዝ ወርደን ጥምቀት ባደረግን ቁጥር፣ ዳር ቆመሽ የሚጠመቁትን ሴቶች ፎጣ ትይዣለሽ። «የሺ፣ አንቺስ?» ሲሉሽ «እናቴ አለች» ትያለሽ። ሌላ መልስ አልነበረሽም።

እኔም አልተጨነቅኩም ነበር። በደህንነት ትምህርት ክፍል የማስተምረው ምን ነበር? ሰው የሚድነው በጸጋ ነው፤ በእምነት ነው፤ በሥራው አይደለም፤ በውሃም አይደለም። የዳነ ሰው ይጠመቃል እንጂ የተጠመቀ ሰው አይድንም። ይህን አረፍተ ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ በትልቁ እጽፈው ነበር። አንቺ ደብተርሽ ላይ ገልብጠሽዋል። አሁንም አለ፤ አይቼዋለሁ። ከሥሩ አስምረሽበታል።

ቀጥሎ የምጽፈው የራሴ ጥፋት ነው።

የመቃብር ቦታችንን ታስታውሻለሽ፤ ከከተማው አስተዳደር ስንት ጊዜ ደጅ ጠንተን ያገኘነው ጠባብ መሬት። ኦርቶዶክሱ የራሱ አለው፣ ሙስሊሙ የራሱ አለው፤ እኛ ለብዙ ዘመን ሬሳ ይዘን ተንከራተናል። ቦታው በተገኘ በሁለተኛው ዓመት ሰዎች ሊሞቱ ሲሉ ጌታን ተቀበልን እያሉ መምጣት ጀመሩ። እኔ የሽማግሌዎች ጸሐፊ ነበርኩ። ነጋዴው ጭንቅላቴ ሠራ። «ይህ ሰው የመጣው ለጌታ ነው ወይስ ለመሬት?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አንቀጽ ሰባትን ጻፍኩ፤ በራሴ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። በውሃ ያልተጠመቀ፣ በአባላት መዝገብ ያልሰፈረ፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ መቃብር አይቀበርም። ሁሉም «አሜን» አሉ። ሰብሳቢያችን ወንድም ጌታሁን «ወንድም ደሳለኝ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!» አለ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ገባሁ።

በዚህ ደንብ መጀመሪያ የተከለከለው ገለታ ነበር።

የእህል ገበያው ዘበኛ ገለታ፤ የባምባሲው። ሲታመም ቤቱ እየሄድሽ ቃሉን ታነቢለት ነበር። ሊሞት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጌታን ተቀበለ። ሲሞት ሚስቱ አዴ ጫልቱ ወደ ሽማግሌዎቹ መጣች። እኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠናል፤ እሷ ቆማለች። «ተጠምቋል?» አልኳት። «እግር አብጦ ነበር፤ ውሃ መውረድ አልቻለም» አለች። እኔም መዝገቡን ገልጬ ስሙን እንደማላገኝ እያወቅሁ ፈለግሁ። ይህን ለምን እንዳደረግሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ምናልባት እምቢታው ከእኔ ሳይሆን ከወረቀቱ የመጣ እንዲመስል። ከዚያ «እህቴ፣ ደንብ ነው» አልኳት። ባሏን በአይሱዙ ጭና ወደ ባምባሲ ወሰደችው።

ቤት ስገባ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሽንኩርት ትከትፊ ነበር። ቢላውን አስቀመጥሽ። በደብተሬ ላይ የጻፍኩትን ልድገመው፤ «የሺ ዛሬ ተቆጣች» ይላል፤ ከሥሩ ያልሽው አለ። «ከጌታ ጎን የተሰቀለውን ወንበዴ ማን አጠመቀው? ንገረኝ። አንተ እዚያ ብትኖር ኖሮ ገነት በር ላይ ቆመህ የአባልነት ቁጥሩን ትጠይቀው ነበር።» እኔም ስለ መሬቱ ጥበት፣ ስለ ሥርዓት፣ ስለ ቀጣይ ችግር ዘረዘርኩልሽ። ጥሩ አድርጌ ነው የዘረዘርኩት። ሳበቃ «ቀኑ ሲመሽ ገብቶ እንደ ሌሎቹ እኩል የተከፈለውን ሠራተኛ የወይኑ ቦታ ባለቤት አላባረረውም። የተናደዱት ጠዋት የገቡት ናቸው» አልሽኝ። ከዚያ ሁለት ቀን አላናገርሽኝም። በሦስተኛው ቀን ሻይ አቀረብሽልኝ። እኔም ነገሩ አልቋል ብዬ አሰብኩ።

ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? «ታረቅን» ብዬ ጻፍኩ። ሞኝ ነበርኩ።

ከዚያ ጉበትሽ ታመመ። ስለ ሕመሙ አልጽፍም፤ ሆስፒታሉም አቅሙ የፈቀደውን አድርጓል። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ እውነቱን ከነገረኝ በኋላ እኔ ያሰብኩት ምን ነበር መሰለሽ? አንቀጽ ሰባትን ነው። ይኸውልሽ፣ ባልሽ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሚስቱ እየሞተች ደንቡን ያስባል። ግን ያሰብኩት ስለምወድሽ ነው፤ ያንን ጠረጴዛ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ወደ ወንድም ጌታሁን ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። በወንዝ መጠመቅ ለማይችል በሽተኛ ራሱ ላይ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል ብለው ወሰኑ። በሩብ ሰዓት ወሰኑ። ገለታ እግሩ ባበጠ ጊዜ ይህ ለማንም አልታየም፤ ለእኔም ጭምር። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ሰማያዊ የፕላስቲክ ጆግ ገዛሁ፤ ከቧንቧ ሞላሁት። እናትሽ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጆጉን አየችው። ዓይኗን ወደ ወለሉ አወረደች።

ወንድም ጌታሁን ለስለስ ባለ ድምፅ «እህት የሺ፣ ለጌታ የምትመሰክሪበት ጊዜ ነው» አለሽ። አንቺ ድምፅሽ ደክሞ ነበር፤ ነገርሽ ግን አልደከመም። «ለማን ነው የምመሰክረው? ነርሷ ታውቃለች፣ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ጌታም ያውቃል። እናንተን ያስጨነቃችሁ ጉድጓዱ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞርሽ። «ደሳለኝ፣ ጥምቀት አያድንም ያልከኝ አንተ አይደለህም? ወይ ያን ጊዜ ዋሽተኸኛል፣ ወይ አሁን ልትሸነግለኝ ነው።» እኔም «የሺዬ፣ ለእኔ ስትይ» አልኩሽ። ጆጉን ወደ ራስሽ አስጠጋሁት፤ ውሃው አንሶላሽ ላይ ተንጠባጠበ።

«ለአንተ ስል ሌላ ነገር ጠይቀኝ» አልሽ። «እናቴ ውጭ ተቀምጣለች። በሕይወት እያለች አልኩ፤ ይኸው በሕይወት አለች። የሚያድነኝ ውሃ ቢሆን ኖሮ እናቴንም አላይም ነበር። የማያድነኝን ውሃ ለመሬት ብዬ በእናቴ ላይ አላፈስም።» ከዚያ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ።

ጆጉን ወስጄ መታጠቢያው ላይ ደፋሁት። ውሃው ሲወርድ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነበር። በአራተኛው ቀን ማለዳ አረፍሽ። እጅሽ በእጄ ውስጥ ነበር፤ አልፈራሽም። ይህንንም ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ «አልፈራችም»።

ድንኳኑ ተተክሎ ሰው መምጣት ሲጀምር ወንድም ጌታሁን ክንዴን ይዞ ወደ አጥሩ ወሰደኝ። የደንቡን መዝገብ በብብቱ ይዞ ነበር። ለቅሶ ቤት መዝገብ ይዞ የመጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ገልጦ አንቀጽ ሰባትን አሳየኝ። «ወንድም ደሳለኝ፣ ምን እናድርግ? የእጅህ ጽሑፍ ነው» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ አፍሮ ነበር። ቢሆንም ያን ቀን መዝገቡን ነጥቄ ልቀድደው ፈልጌ ነበር። አልቀደድኩትም። ጸሐፊ ነኝ፤ ሰነድ አልቀድድም። «ገባኝ» ብቻ አልኩ።

እናትሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወደ አምባው ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ «ቄሱ አለቀሱ» አለችኝ። «ግን በእግሯ የወጣችውን ልጅ እኔ በትከሻዬ አላስገባትም አሉ።» በእሳቸውም አልተናደድኩም፤ ቢያንስ እሳቸው በጸጋ ብቻ ብለው አላስተማሩም። ከቀብሩ በኋላ መጥተው ከእኔ ጎን ተቀምጠው አጽናንተውኛል።

ጎረቤታችን አብዱረሂምን ታውቂዋለሽ፤ ከሱቃችን ጎን ምንጣፍና ባልዲ የሚሸጠውን። ወሬውን ሰምቶ ወደ ድንኳኑ ገባ። ሰው ፊት ጮክ ብሎ «እናንተ ጋ ለመሞትም መታወቂያ ይፈልጋል እንዴ?» አለ። ማንም አልሳቀም። «ወላሂ፣ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሬሳ አይቆይም። መሬቱ የት እንደሆነ ንገሩኝ፤ ዶማ መኪናዬ ላይ አለ።» ከዚያ ወንድምሽ ተነሥቶ «አምባው ላይ የእኔ ማሳ አለ፤ ማንጎዎቹ ሥር» አለ። እዚያ ቀበርንሽ። አብዱረሂም ከወንድምሽ ጋር ሲቆፍር ሸሚዙ በላብ ራሰ፤ ለመቆፈር ከሽማግሌዎቹ የተነሣ አልነበረም። መዘምራኑ ግን መጥተው ዘመሩ፤ ስለ ትንሣኤ። መቃብር አይይዘንም ይላል መዝሙሩ። እኔ ዳር ቆሜ ስሰማ ጥርሴን ነክሼ ነበር። መቃብር የማይዘው ሕዝብ ለአንድ ጉድጓድ መዝገብ ይገልጣል።

አምናለሁ፣ የሺ። ይህን እንዳትሳሳቺ። ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን መሞቱን፣ መነሣቱን፣ ዳግም መምጣቱን፣ አንቺም ከዚያ ማንጎ ሥር እንደምትነሺ አምናለሁ። ከበፊቱ ይልቅ አምናለሁ። የተናደድኩት ስላላመንኩ አይደለም፤ ስለማምን ነው።

ባለፈው ወር ሦስቱ ሽማግሌዎች ቤት መጡ። እናትሽ ሻይ አፍልታ አቀረበችላቸው፤ ከዚያ ከመጋረጃው ኋላ ሆና እንደምትሰማ ሁላችንም እናውቃለን። ወንድም ጌታሁን ብዙ ጸለየ፤ ከዚያ የመጣበትን ተናገረ። «ስላንተ አገልግሎት ስንል አስበንበታል። ለእህት የሺ ልዩ ፈቃድ ተሰጥቷል። ስሟ በአባላት መዝገብ ይገባል። አፅሟም መጥቶ ለአንተ ከሚሆነው ቦታ ጎን ያርፋል።»

ከመጋረጃው ኋላ «አፅም እንደ ጆንያ ያጓጉዛሉ እንዴ እነዚህ ሰዎች?» የሚል ድምፅ መጣ። ወንድም ጌታሁን ጉሮሮውን ጠረገ።

አልዋሽሽም፤ ጓጓሁ። ካንቺ ጎን። በአጥር የተከበበ ቦታ፣ ስምሽ የተጻፈበት ድንጋይ። አፌን ልከፍት ስል ግን ያንን ጠረጴዛና የቆመችውን ሴት አየሁ። «ገለታስ?» አልኩ።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ወንድም ጌታሁን ከልቡ፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ «የቱ ገለታ?» አለኝ።

በማግስቱ ወደ ባምባሲ ሄድኩ። አዴ ጫልቱ መኪና መቆሚያው ጋ የተቆላ ለውዝ ትሸጣለች፤ አርጅታለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ አንቺንም «እሱ» ነው የምትልሽ። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ «ያንን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። ለውዙን በኩባያ እየሰፈረች «አውቃለሁ» አለች። «እስክሪብቶ ይዘህ ነበር። ሰማያዊ ነው።» ቀና ብላም አላየችኝም።

ከዚያ እንዲህ አለች፤ «የሺ ግን መጣ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ መጣ። ስኳር ይዞ መጣ። አልነገረህም?»

አልነገርሽኝም። ወደ ሐኪም ቤት ነው፣ ወደ ዘመድ ነው እያልሽ በሚኒባስ ባምባሲ ትመላለሺ ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር።

«ሦስተኛ ጊዜ ታሞ ነበር፤ ፊቱ ቢጫ ነበር» አለች። «እኔ ‹ምነው አትጠመቅም፣ ባልህ ትልቅ ሰው ነው› አልኩት። እሱ ሳቀ። ‹ገለታ የተከለከለበት ቦታ እኔ በባሌ በር አልገባም› አለ። ‹ባሌ የጻፈውን እስኪሰርዝ እጸልያለሁ› አለ።» ከዚያ በጋዜጣ የተጠቀለለ ለውዝ ሰጠችኝ፤ ልከፍል ስል እጄን መታችው። «የሺ ጥሩ ሰው ነበር። አንተ ገና ነህ» አለችኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ለውዙን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ አሶሳ ድረስ ተናድጄ ነው የመጣሁት። ለምን አልነገርሽኝም? ሆስፒታሉ ውስጥ እናትሽን ብቻ ነው የጠቀስሽው። የገለታን ስም አንድ ጊዜ ብትጠሪ ኖሮ! አልኩኝ። ዳቡስ ድልድይን ስሻገር ነው ያልኩት ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አይ፣ ይህ ውሸት ነው፤ ድልድዩ በዚያ መንገድ የለም፤ ንዴት እጄን ይመራዋል። ቤት ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ። ነግረሽኝ ነበር። ሽንኩርት እየከተፍሽ ነግረሽኛል። እኔ ደግሞ በጥሩ አማርኛ ዘርዝሬ መልሼልሻለሁ፤ ከሥሩም «ታረቅን» ብዬ ጽፌያለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ብትነግሪኝም የምሰማ ሰው አልነበርኩም ማለት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። ልዩ ፈቃዱን አልቀበልም አልኩ። «አንቀጽ ሰባት ወይ ለሁሉም ይሰረዝ፣ ወይ የሺ ባለችበት ትቆይ። ደንቡ የእኔ ነው፤ ስጽፈው ሰውን እንደ ገበያተኛ መዝኜ ነው፤ ኃጢአት ነበር።» ወንድም ጌታሁን እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ታዲያ ሰው ሁሉ ሊሞት ሲል ጌታን ተቀበልኩ እያለ ቢመጣስ?» አለኝ። ቃል በቃል የእኔ ንግግር ነበር፤ ከዓመታት በፊት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ የተናገርኩት።

«ይምጣ» አልኩ። «ታዲያ እሑድ እሑድ ለምንድን ነው የምንሰብከው? እንዲመጣ አይደለም?»

«መሬቱስ?» አለ ሌላው።

«ሲሞላ ሌላ እንለምናለን። ደጅ መጥናት ለምደናል።»

 ከዚያ «እንጸልይበት» ተባለ። ይህች ቃል ምን ማለት እንደሆነች አንቺም ታውቂያለሽ፤ ለብዙ ዓመት ቃለ ጉባኤ ላይ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ያልወሰኑትን ነገር የሚያሳድሩባት ቃል ናት። እስክሪብቶውን መዝገቡ ላይ አስቀምጬ፣ አንቀጽ ሰባት እስኪሰረዝ ጸሐፊ አልሆንም አልኩና ወጣሁ። ከሽማግሌነቱ ግን አልወጣሁም። እሱን ደስታ አልሰጣቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ እገባለሁ።

ለወንድምሽም ነግሬዋለሁ፤ ካንቺ ጎን ያለውን ቦታ እንዳያርሰው። እዚያ ነው የምቀበረው። ስሜ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ፤ ወንዝ ወርጄ ተጠምቄያለሁ፤ ገለታ ያልገባበት ቦታ ግን አልገባም። እናትሽ ይህን ስትሰማ ትንሽ አሰበችና «ሁለታችሁም የቤተ ክርስቲያን መቃብር የላችሁም፤ እኔ ብቻዬን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ምን አደርጋለሁ?» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ «እንጃ፤ ቄሱን አናግራቸዋለሁ» አለች። ምን ልትላቸው እንደሆነ አልነገረችኝም።

ሰማያዊው ጆግ ከእሷ ጋር ነው። ልጥለው ስል ከእጄ ወሰደችው። በመቃብርሽ ራስጌ ያለችውን የማንጎ ችግኝ ታጠጣበታለች። እኔ ምልክት የምፈልግ ሰው አይደለሁም፤ ችግኝ ውሃ ይፈልጋል፣ ጆግ ውሃ ይይዛል፣ በቃ። ግን ባለፈው እሑድ ከጉባኤ ወጥቼ ወደ አምባው ስሄድ ጎንበስ ብላ ስታፈስ አገኘኋት። ስትጨርስ ጆጉን ሰጠችኝና «የቀረውን አንተ አፍስስ» አለችኝ። አፈሰስኩ።

አስታውስሻለሁ ስል ሌላው ሰው እንደሚለው አይደለም። ፎቶሽን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አልቅሼ አልተውሽም። ንዴቴንም አላበርደውም፤ አንቺ ሳትነግሪኝ ስትጸልዪበት የነበረውን ነገር ሽማግሌዎቹ እስኪፈጽሙት ድረስ ያስፈልገኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የመክፈቻው ጸሎት ካለቀ በኋላ፣ ሌላ አጀንዳ ሳይነሣ፣ እጄን አወጣለሁ። መጀመሪያ የገለታን ስም እጠራለሁ። «የቱ ገለታ?» የሚል ካለ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እነግረዋለሁ። ቀጥዬ ያንቺን ስም እጠራለሁ። እስኪሰለቻቸው፣ ከዚያም አልፎ እስኪያፍሩ ድረስ። በእነዚያ ቅዳሜዎች መካከል ሞት ከቀደመኝም፣ የት እንደምትገኚ አውቃለሁ።

ባልሽ ደሳለኝ
አሶሳ